ለአደን ጠመንጃ የቀይ ነጥብ ማነጣጠሪያ ስለ መምረጥ

ስለ አደን መሣሪያ በኮሌጅ የምርምር መጽሔት ላይ መጻፋችን አንዳንዱን አንባቢ ሳያስገርም አይቀርም። ነገር ግን እዚህ የምንመለከተው ጠመንጃውን ሳይሆን ከላዩ የሚታሰረውን አነስተኛ የብርሃን መሣሪያ ነው፤ ስለ ጐድጓዳ መስተዋትና ስለ ትይዩ ጨረር በፊዚክስ ክፍል የተማርነው ሁሉ በውስጡ ይገኛልና። ምርጫው ሲበላሽም የሚጐዳው ገንዘቡን ያወጣው ሰው ብቻ አይደለም። ሆዱን ወይም እግሩን ተመትቶ ወደ ጫካ የሚሸሸው አውሬ ከገዢው ይልቅ ይጐዳል።

ምሳሌያችንን የምንወስደው ከስዊድን ነው። አይምፖይንት የተባለው የዚያ አገር ኩባንያ የመጀመሪያውን ኤሌክትሮኒክ የቀይ ነጥብ ማነጣጠሪያ ለገበያ ያቀረበው በ1975 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ነበር። ሐሳቡ ግን የቆየ ነው፤ የደብሊኑ የቴሌስኮፕ ሠሪ ሰር ሃዋርድ ግራብ በ1900 የነደፈው የአንጸባራቂ ማነጣጠሪያ ለዚህ ሁሉ መነሻ ሆኗል። የስዊድን አዳኞች መሣሪያውን የወደዱበት ምክንያት ከአደናቸው ጠባይ የመጣ ነው። ሙስ የተባለው፥ ከአጋዘን ወገን ሁሉ በግዝፈቱ የሚበልጠው አውሬ፥ ብዙውን ጊዜ በውሻ እየተፈለገና እየተነዳ ይታደናል። አዳኙ በተመደበለት ቦታ ቆሞ ይጠብቃል፤ አውሬው በዛፎች መካከል ባለች ክፍት ቦታ ሲያልፍ ለመተኮስ የሚያገኘው ጊዜ ጥቂት ሴኮንድ ብቻ ነው። ለልምምድም በ80 ሜትር ርቀት በሐዲድ ላይ የሚሮጥ የሙስ ሥዕል አላቸው። በዚያ አገር ሕግ ሙስ የሚያድን ሰው የቆሰለውን አውሬ ዱካ የሚከተል የሠለጠነ ውሻ በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ከስፍራው ሊያደርስ መቻል አለበት። ሕጉ ይህን ያህል መጠንቀቁ አንድ የተሳሳተ ጥይት ምን እንደሚያስከትል ያስረዳል።

በተራው የብረት ማነጣጠሪያ የሚተኩስ ሰው ሦስት ነገሮችን ባንድ መሥመር ማዋል አለበት፤ እነዚህም ወደ ዐይኑ የሚቀርበው ስንጥቅ፥ ከአፈሙዙ አጠገብ ያለው ጉጥና አውሬው ናቸው። የሰው ዐይን ግን ባንድ ጊዜ የሚያጠራው በአንድ ርቀት ያለውን ነው። ጉጡ ሲጠራ አውሬው ይደበዝዛል፤ አውሬው ሲጠራ ጉጡ ይደበዝዛል። ዕድሜው ከአርባ ያለፈ አዳኝ የቅርቡን ማየት ስለሚያስቸግረው ችግሩ ይብስበታል።

የቀይ ነጥብ መሣሪያ ይህን ችግር የሚያቃልለው እንደሚከተለው ነው። በቧንቧው ኋለኛ ክፍል ባንድ ጐን ትንሽ ቀይ ብርሃን ሰጪ ዳዮድ ትቀመጣለች። ብርሃኗ ወደ ፊት ሄዶ ከፊተኛው መስተዋት ላይ ያርፋል። የመስተዋቱ ስስ ቅብ በተለይ ቀዩን ብርሃን መልሶ ሲያንጸባርቅ የቀረውን ቀለም ያሳልፋል፤ በመሣሪያው ውስጥ ሲያዩ አገሩ ጥቂት ወደ ሰማያዊ የሚያደላውም ስለዚህ ነው። ዳዮዷ የተቀመጠችው በመስተዋቱ የትኩረት ነጥብ ላይ ስለ ሆነ፥ የሚመለሱት ጨረሮች ትይዩ ሆነው ወደ ዐይን ይገባሉ። ትይዩ ጨረር ለዐይን ከእጅግ ሩቅ እንደ መጣ ብርሃን ስለሚሆን፥ ነጥቧና አውሬው ባንድነት ጠርተው ይታያሉ። አዳኙም ሁለቱን ዐይኖቹን ገልጦ አውሬውን ብቻ ይመለከታል። ከመሣሪያው ወጥቶ በአውሬው ላይ የሚያርፍ ብርሃን የለም፤ ይህን የምንጠቅሰው ብዙ ሰው ከሌዘር ጋራ ስለሚያምታታው ነው።

ሻጮች «ዐይን ከየትም ቢያይ ነጥቧ ከዒላማው አትነቃነቅም» ይላሉ። አባባሉ ወደ እውነት የቀረበ ቢሆንም ፍጹም አይደለም። ፓራላክስ የሚባለው ስሕተት በየመሣሪያው ጥቂት ይቀራል፤ በርካሾቹም ላይ ይበዛል። ለመፈተን ቀላል ነው፦ መሣሪያውን በማይነቃነቅ ነገር ላይ አስደግፎ ነጥቧን ከአንድ ሩቅ ምልክት ላይ ካሳረፉ በኋላ፥ ሳይነኩት ራስን ወደ ግራና ወደ ቀኝ፥ ወደ ላይና ወደ ታች ማንቀሳቀስ ነው። ነጥቧ ከምልክቱ ርቃ የምትሄድ ከሆነ መሣሪያውን መተው ይሻላል።

ከሁሉ ይልቅ ልናተኩርበት የሚገባን የነጥቧ ስፋት ነው፤ ገዢዎች ይህን ትተው ስለ ብርሃኗ ድምቀት ሲጠይቁ እናያለን። የነጥብ ስፋት የሚለካው በማዕዘን ደቂቃ፥ ማለት በአንድ ዲግሪ ስድሳኛ ክፍል ነው። አንድ ደቂቃ በ100 ሜትር ላይ 2.9 ሳንቲ ሜትር ይሸፍናል። እንግዲህ የ2 ደቂቃ ነጥብ በዚያ ርቀት 5.8፥ የ4 ደቂቃ ነጥብ 11.6፥ የ6 ደቂቃ ነጥብ ደግሞ 17.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ትሸፍናለች። የሙስ የልብና የሳንባ ቦታ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሚሰፋ የ6 ደቂቃ ነጥብ እንኳ በውስጡ ትቀመጣለች፤ በ50 ሜትር ለሚሮጥ አውሬም ትልቅ መሆኗ ቶሎ እንድትታይ ይረዳል። የአውሮፓ ሚዳቋ ግን ይህ ቦታዋ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ በ100 ሜትር ላይ ያችው ነጥብ ቦታውን በሙሉ ትጋርደዋለች። በእኛ አስተያየት ለአንድ ጠመንጃ አንድ ብቻ የሚገዛ ሰው የ2 ደቂቃዋን ቢወስድ ይሻላል። ትንሿን ነጥብ ብርሃኗን ጨምሮ ማጉላት ይቻላል፤ ትልቋን ግን ብርሃን ቀንሶ ከተሠራችበት ልክ ማሳነስ አይቻልም።

ሁለተኛው ነገር የገዢው ዐይን ነው። አስቲግማቲዝም ያለበት ሰው፥ ማለትም የዐይኑ ፊት በሁሉም አቅጣጫ እኩል ያልጐበጠ፥ ክቧን ነጥብ እንደ ኮከብ፥ እንደ ጭራ ወይም እንደ ተበተነ ፍንጣሪ ያያታል። ብዙዎች ዕቃው የተበላሸ መስሏቸው ይመልሱታል። ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ ለማወቅ መሣሪያውን በእጅ ይዞ ቀስ እያሉ ማዞር ነው። የነጥቧ መዛባት አብሮ ከዞረ ጥፋቱ የመሣሪያው ነው፤ ባለበት ከቀረ የዐይን ነው። የዐይን ከሆነ ትክክለኛ መነጽር ማድረግ ወይም ብርሃኗን መቀነስ ይረዳል።

ዋናው ድክመቱ አለማቅረቡ ነው። በ150 ሜትር ያለ አውሬ በዚህ መሣሪያ ሲታይ በባዶ ዐይን ከሚታየው አይበልጥም። ነጥቧም ያረፈችበት ነገር ምን እንደ ሆነ አትነግረንም። ጥጃ ያላትን እናት ከጥጃዋ አስቀድሞ መግደል በአዳኞች ዘንድ የተነወረ ነው፤ ነገር ግን በምሽት ብርሃን እናቲቱን ከጥጃዋ ለመለየት የሚያጐላ መነጽር ይጠቅማል። ስለዚህ ሜዳ ላይ ከሩቅ የሚተኩስ ሰው ይህን መሣሪያ ባይገዛ እንመክራለን፤ የሚገዛም ቢኖር የእጅ መነጽር አንገቱ ላይ ይያዝ እንጂ በጠመንጃው አይፈልግ።

በቅርጹ ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ክፍት ሆኖ አንድ መስተዋት ብቻ የቆመበት፥ ሌላው እንደ ቧንቧ ዙሪያውን የተዘጋ ነው። ክፍቱ ቀላልና ለመመልከት ሰፊ ነው፤ ነገር ግን ዳዮዷ የምትቀመጥበት ጕድጓድ በዝናብ ጠብታ ወይም በበረዶ ከተሸፈነ ነጥቧ ትዛባለች ወይም ፈጽማ ትጠፋለች። እንደ ስዊድን ባለ አገር የተዘጋው ይመረጣል። የባትሪው ነገር ዛሬ ብዙ አያሳስብም፤ ከደህናዎቹ አንዳንዶቹ በመካከለኛ ብርሃን 50,000 ሰዓት ያህል፥ ማለት ከአምስት ዓመት በላይ ይሠራሉ።

መሣሪያው ከጠመንጃው አፈሙዝ መሥመር ጥቂት ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ስለሚታሰር፥ በ80 ሜትር ተስተካክሎ ሳለ በ10 ሜትር ጥይቱ ከነጥቧ በታች ይመታል። ለቆሰለ አውሬ በቅርብ የሚተኩስ ሰው ይህን ማወቅ አለበት። ማሠሪያው የላላ እንደ ሆነ ግን በየጥይቱ ምት እየተንሸራተተ የተስተካከለውን ሁሉ ያፈርሳል። ባትሪው መሣሪያው ሳይነቀል የሚለወጥ መሆኑንም ከመግዛት በፊት መጠየቅ ይገባል፤ ከሥሩ የሚገባባቸው አሉና፥ እነዚህ ባትሪ በተለወጠ ቁጥር ከዒላማ ሜዳ ሄዶ እንደገና መፈተን ያስፈልጋቸዋል።