ተጨማሪ መረጃ፦ ከፋሲል ግቢ እስከ ፒያሳ በእግር

ጎንደር የሚደርስ እንግዳ ጉብኝቱን አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው 900 ሜትር ገደማ በሚረዝም የድንጋይ አጥር ከተከበበው የፋሲል ግቢ ነው። አስጎብኚው ዓፄ ፋሲል በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩትን ግንብ አሳይቶ ወደ ሰሜን ጥቂት ሲራመድ፣ መንገዱ 300 ዓመት ያህል ዘሎ ፒያሳ ላይ ያወጣል።

«ፒያሳ» በጣሊያንኛ አደባባይ ማለት ነው።

ጣሊያኖች ጎንደርን ከ1928 እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም. በያዙበት ጊዜ ጌራርዶ ቦዚዮ የተባለ አርክቴክት የከተማዋን ፕላን ነደፈ። ፕላኑ የጣሊያኖችን መኖሪያ ከአገሬው ሰው ሰፈር የለየ ነበር። ፒያሳ ላይ ያሉት ፖስታ ቤትና ሲኒማ ቤት የዚያ ዘመን ሥራዎች ናቸው። አሠራራቸው ራሽናሊዝም ይባላል፤ ይህም ጌጥን ትቶ ለአገልግሎትና ለቀላል ቅርጽ ቅድሚያ የሚሰጥ የኪነ ሕንፃ ስልት ነው።

እስኪ እናንተም እንዲህ ያለ የእግር ጉብኝት ሞክሩ፦ በከተማችሁ በጉንደ ወይን ከገበያው ተነሥታችሁ እስከ ትምህርት ቤታችሁ በእግር ሂዱ። በመንገዳችሁ ያሉ አምስት ቤቶችን መርጣችሁ ግድግዳቸው ከድንጋይ፣ ከጭቃ ወይም ከብሎኬት መሠራቱን መዝግቡ። መቼ እንደተሠሩም አካባቢውን የሚያውቁ አዛውንቶችን ጠይቁ። ከዚያም ካርታ ሥላችሁ የክፍል ጓደኞቻችሁን አስጎብኙ።