የተከተበ ልጅ ኩፍኝ ከያዘው ክትባቱ አይሠራም ማለት ነው?

«የጎረቤቴ ልጅ ተከትቦ ነበር፤ ግን ኩፍኝ ያዘው። ታዲያ ክትባቱ ምን ጠቀመው?» በከዚራም ሆነ በሳቢያን፣ ወላጆች ልጅ ታቅፈው በሚቀመጡበት ሁሉ ይህ ጥያቄ ይነሳል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ «ዝም ብለሽ አስከትቢ» የሚል መልስም አይበቃውም። ልጅዎን ለማስከተብ እያመነቱ ከሆነ፣ ወይም በቤተሰብ መካከል ክርክር ከተነሳ፣ የሚከተለው ማብራሪያ ሊረዳዎ ይችላል።

አንድ ጊዜ መከተብና ሁለት ጊዜ መከተብ

በኢትዮጵያ የኩፍኝ ክትባት ለመጀመሪያ ጊዜ በ9 ወር፣ ለሁለተኛ ጊዜ በ15 ወር ይሰጣል። ሁለተኛው ክትባት ወደ መደበኛው ፕሮግራም የገባው በ2019 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የነበሩ ልጆች፣ በዘመቻ ካልተከተቡ በስተቀር፣ ያገኙት አንዱን ብቻ ነው።

በ9 ወር የሚሰጠው ክትባት ከ100 ልጆች 85 ያህሉን ይጠብቃል። የቀሩት 15 ያህል ልጆች ተከትበውም በሽታውን የመከላከል አቅም አያዳብሩም። ዋናው ምክንያት ሕፃኑ በማህፀን ሳለ ከእናቱ የወረሰው የመከላከያ አቅም ነው። ይህ አቅም በ9 ወር ሙሉ በሙሉ ካልጠፋ፣ ክትባቱ ሥራውን ሳይጀምር ያከሽፈዋል። ታዲያ ለምን ትንሽ አይጠበቅም? ኩፍኝ እምብዛም የማይታይባቸው አገሮች እስከ 12 ወር ይጠብቃሉ። እኛ ጋር ግን በሽታው ሕፃናትን ቀድሞ ያገኛቸዋል፤ ክፉኛ የሚጎዳውም ትንንሾቹን ነው። ስለዚህ በ9 ወር ተጀምሮ፣ ያልያዘላቸውን ልጆች ለመድረስ በ15 ወር ይደገማል። ሁለቱንም ከወሰዱ ልጆች መካከል ከ100 እስከ 97 የሚሆኑት ይጠበቃሉ። ሁለተኛው ቀጠሮ «ለማጠናከሪያ ብቻ ነው» ተብሎ የሚዘለል አይደለም።

ከታመሙት መካከል የተከተቡት ለምን ይበዛሉ?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ አንድ ስሌት አብረን እንሥራ። ቁጥሮቹ ነገሩን ለማስረዳት የተመረጡ ናቸው።

በአንድ ሰፈር 1,000 ልጆች አሉ እንበል። 900ዎቹ አንድ ጊዜ ተከትበዋል፤ 100ው አልተከተቡም። ኩፍኝ ገባና መከላከያ የሌለውን ልጅ ሁሉ ያዘ። ከተከተቡት 900 ልጆች 85 በመቶው ስለሚጠበቁ የሚታመሙት 135 ናቸው። ካልተከተቡት 100ውም ይታመማሉ። በድምሩ 235 ልጆች ታመሙ፤ ከእነዚህ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የተከተቡ ናቸው።

በዚህ ጊዜ አንዱ ተነስቶ «ከታመሙት አብዛኞቹ የተከተቡ ናቸው፤ ክትባቱ ዋጋ የለውም» ቢል የጠቀሰው ቁጥር እውነት ነው፤ ድምዳሜው ግን ስህተት ነው። መጠየቅ ያለበት እያንዳንዱ ወገን ከስንት ስንት ታመመበት የሚለው ነው። ከተከተቡት መካከል ከ100 ልጆች 15፣ ካልተከተቡት መካከል ከ100 ልጆች 100። እነዚያው 900 ልጆች ሁለት ጊዜ ተከትበው ቢሆን ኖሮ የሚታመሙት 135 ሳይሆን 27 ያህል ይሆኑ ነበር። እንዲያውም ሁሉም ልጅ የተከተበበት ሰፈር ቢኖር፣ እዚያ የሚታመመው ማንኛውም ልጅ የተከተበ መሆኑ ግድ ነው።

ይህ ስሌት ለድሬ ዳዋ ሩቅ አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 23 ወር ከሆኑ የድሬ ዳዋ ልጆች መካከል 76 በመቶው መሠረታዊ ክትባቶችን ሁሉ እንደወሰዱ አሳይቷል። በአገር አቀፍ ደረጃ የነበረው 39 በመቶ ነው። የተከተበ ልጅ በሚበዛበት ከተማ ከታመሙት መካከልም የተከተበ መገኘቱ ሊያስደነግጥ አይገባም። ለኩፍኝ ግን 76 በመቶም አይበቃም፤ ወረርሽኙን ለመግታት 95 በመቶ ያህል ልጆች ሁለቱንም ክትባት መውሰድ አለባቸው።

ሌላም ነገር ልብ ይበሉ፤ ሽፍታ ያለበት ትኩሳት ሁሉ ኩፍኝ አይደለም። ድሬ ዳዋ በ2013 እ.ኤ.አ. የደንጊ፣ በ2019 ደግሞ የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ የታየባት ከተማ ናት። ሁለቱም ትኩሳትና ሽፍታ ያመጣሉ። «ተከትቦ ኩፍኝ ያዘው» የሚባለው ልጅ ይዞት የነበረው ሌላ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ የሚለየው በደም ምርመራ ነው።

የትኛውን ማስረጃ ልመን?

በርጫ ላይ የሚነገር ታሪክና ጥናት የሚለያዩት ተናጋሪው የተማረ በመሆኑ ወይም ባለመሆኑ አይደለም። ልዩነቱ ማነጻጸሪያ መኖሩ ላይ ነው። «ልጄ ተከተበ፣ ከዚያ ታመመ» የሚል እናት ያየችውን ነው የምትናገረው፤ ልትከበር ይገባል። ነገር ግን ያልተከተቡ ልጆችም በዚያው ዕድሜ ይታመማሉ። ክትባቱ ምክንያት መሆኑን ለማወቅ ሁለቱን ወገኖች ጎን ለጎን አድርጎ መቁጠር ያስፈልጋል።

ክትባት ኦቲዝም ያመጣል የሚለው ወሬ የተስፋፋው በ1998 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ በታተመ አንድ ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ 12 ልጆችን ብቻ የሚመለከት ነበር፤ ማነጻጸሪያ አልነበረውም። አሠራሩ ሲመረመር ጉድለቱ ተጋልጦ በ2010 እ.ኤ.አ. መጽሔቱ ሰረዘው፤ የጻፈው ሐኪምም በዚያው ዓመት ከሐኪሞች መዝገብ ተፋቀ። በሌላ በኩል በዴንማርክ 657,461 ልጆችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት በ2019 እ.ኤ.አ. ታትሟል። የተከተቡትም ያልተከተቡትም ተነጻጽረው፣ ክትባቱ የኦቲዝምን ዕድል እንደማይጨምር ታይቷል። 12 ልጆችንና ከስድስት መቶ ሺህ በላይ ልጆችን እኩል ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ፍርድ ማጓደል ነው።

«ጥናቱን የሚከፍሉት መድኃኒት ሻጮቹ ናቸው» የሚለውስ? ስጋቱ መሠረተ ቢስ አይደለም፤ ጥናት ሲነበብ ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ማየት ያስፈልጋል። ለምሳሌ ለሕፃናት ተቅማጥ መከላከያ የሚሆነው የሮታ ክትባት በማላዊና በደቡብ አፍሪካ ሲሞከር አምራቹ ኩባንያም ወጪውን ከሸፈኑት አንዱ ነበር። በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤት ግን ለኩባንያው የሚያኮራ አልነበረም። ክትባቱ ከከባድ የሮታ ተቅማጥ በደቡብ አፍሪካ 77 በመቶ ያህል ሲከላከል በማላዊ 49 በመቶ ብቻ ነበር። በሀብታም አገሮች የተገኘው ከሁለቱም ይበልጣል። ይህን የመሰለ ደካማ ቁጥር ሳይደበቅ መውጣቱ እኔን ከማንኛውም ማስታወቂያ በላይ ያሳምነኛል። ደግሞም በማላዊ በሽታው በጣም የተስፋፋ ስለነበር፣ ክትባቱ በመቶኛ ቢያንስም ከከባድ ሕመም ያዳናቸው ልጆች ቁጥር በዚያ ይበልጥ ነበር፤ በዓመት ከ100 የተከተቡ ሕፃናት በማላዊ ወደ 7 የሚጠጋ፣ በደቡብ አፍሪካ ደግሞ 4 ያህል ከባድ ሕመም ቀርቷል። ኢትዮጵያ የሮታ ክትባትን በ2013 እ.ኤ.አ. ጀምራለች። ክትባቱ የውሃንና የእጅ መታጠብን ቦታ አይተካም።

ስለ ፖሊዮ የሚነገረውም በግልጽ መመለስ አለበት። በአፍ የሚጠባው ክትባት የተዳከመ ሕያው ቫይረስ አለበት። ብዙ ልጆች ባልተከተቡበት አካባቢ ይህ ቫይረስ ከልጅ ወደ ልጅ ለረጅም ጊዜ ሲተላለፍ፣ አልፎ አልፎ ተለውጦ ሽባ የማድረግ አቅሙን መልሶ ሊያገኝ ይችላል። በአገራችንም ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ መጀመሪያ በሶማሌ ክልል፣ ተከስቷል። ይህ የሚሆነው ክትባት በጎደለበት ቦታ ነው፤ የሚገታውም ያልተከተቡትን በመከተብ ነው። በመርፌ የሚሰጠው የፖሊዮ ክትባት ሕያው ቫይረስ ስለሌለው ይህ ችግር የለበትም።

«ክትባት መካን ያደርጋል» ለሚለው ረጅም መልስ አያስፈልግም። የኢትዮጵያ የክትባት ፕሮግራም የተጀመረው በ1980 እ.ኤ.አ. ነው። ያኔ የተከተቡት ሕፃናት ዛሬ የልጆች እናትና አባት ናቸው።

በድሬ ሙቀት ክትባቱ አይበላሽም?

ጥሩ ጥያቄ ነው። ክትባቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ቅዝቃዜ መቀመጥ አለባቸው፤ ከማቀዝቀዣ ወጥቶ የቆየ ክትባት አቅሙን ያጣል። ለዚህ ሲባል በብልቃጡ ላይ የሙቀት ምልክት አለ፤ ክብ ውስጥ ያለች ትንሽ አራት ማዕዘን። አራት ማዕዘኗ ከክቡ ነጣ ያለች እስከሆነች ድረስ ክትባቱ ሙቀት አልጎዳውም። ከክቡ ጋር እኩል ወይም ከዚያ በላይ ከጠቆረች አይሰጥም። «ምልክቱን ሊያሳዩኝ ይችላሉ?» ብሎ መጠየቅ መብትዎ ነው፤ ጥሩ ባለሙያም ደስ ብሎት ያሳያል።

የኩፍኝ ክትባት ዱቄት ሆኖ ይመጣና በፈሳሽ ይበጠበጣል። ከተበጠበጠ ከ6 ሰዓት በኋላ መጣል አለበት። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ልጆች የሚሆን በመሆኑ አንዳንድ ጤና ተቋማት ልጆች እስኪሰበሰቡ በተወሰነ ቀን ብቻ ይሰጡታል። «ሌላ ቀን ተመለሱ» ከተባሉ ትክክለኛውን ቀን አስጽፈው ይሂዱ።

ከክትባቱ በኋላ

መርፌው በተወጋበት ቦታ ማበጥና ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ማተኮስ የተለመደ ነው። ከኩፍኝ ክትባት በኋላ ከ7 እስከ 12 ቀን ባለው ጊዜ ትኩሳትና ቀላል ሽፍታ ሊታይ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ በራሱ ይጠፋል። ልጁ መተንፈስ ካቃተው፣ ፊቱ ካበጠ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም አልነቃ ካለ ግን ሳይዘገዩ ወደ ቅርብ ጤና ተቋም ይውሰዱት። የጎንዮሽ ጉዳት የመሰለዎትን ለባለሙያው ይንገሩ፤ ወይም ለኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነፃ የስልክ መስመር 8482 ያሳውቁ።

ቀጠሮ ያለፈው ልጅ ከመጀመሪያው መጀመር አያስፈልገውም፤ ከቆመበት ይቀጥላል። ልጅዎ 15 ወር ካለፈውና ሁለተኛውን የኩፍኝ ክትባት ካልወሰደ ካርዱን ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ካርዱ ከጠፋም ይሂዱ፤ በተከተበበት ጤና ጣቢያ መዝገብ ላይ ስሙ ሊገኝ ይችላል፤ ባይገኝም የኩፍኝን ክትባት ደግሞ መውሰድ ልጁን አይጎዳውም።