የአንድ ዶላር መነጽር

ዕድሜ ከ40 ሲያልፍ የዓይን ሌንስ እየጠነከረ ስለሚሄድ ቅርብ ያለ ነገር ይደበዝዛል፤ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባትም፣ ከምስር ላይ ጠጠር መልቀምም ይከብዳል። ለዚህ ቀላል የማንበቢያ መነጽር ይበቃል፤ የሚያሳዝነው ግን ብዙ ድሆች እሱንም አያገኙም። ጉዳቱ በእንጀራ ላይ ጭምር ነው። በሕንድ አሳም ግዛት 751 የሻይ ቅጠል ለቃሚዎችን ያሳተፈና በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት መነጽር የተሰጣቸው ሠራተኞች ምርታማነት ካልተሰጣቸው በ22 በመቶ ገደማ ብልጫ እንዳሳየ አረጋግጧል።

ዋጋውን ለማውረድ ጀርመናዊው መምህር ማርቲን አውፍሙት ያለ ኤሌክትሪክ በእጅ የሚሠራ የሽቦ ማጠፊያ ሠራ። በመሣሪያው የሠለጠኑ የአካባቢው ሰዎች ከብረት ሽቦ ፍሬም ያበጃሉ፤ የተዘጋጁትን ሌንሶች ደግሞ በእጅ ይገጥማሉ። የአንዱ መነጽር ጥሬ ዕቃ 1 ዶላር ገደማ ይፈጃል። ማላዊና ቡርኪና ፋሶ ሥራው ከተስፋፋባቸው አገሮች መካከል ናቸው።

ከዋጋው ይልቅ የሚከብደው መርማሪ ማግኘት ነው። የማንበቢያ መነጽርን ጥቂት የሠለጠነ የጤና ሠራተኛም በፊደል ሰሌዳ ለክቶ ሊሰጥ ይችላል። የሩቅ ዕይታ ችግር ግን የባለሙያ ልኬት ይፈልጋል፤ የዓይን ሞራ ወይም ግላኮማ ያለበትም ሰው መነጽር ተሰጥቶት ከመሸኘት ይልቅ ወደ ሆስፒታል መላክ አለበት።