የጣና ነጭ ዓሣና የነጋዴው ዋና ገንዘብ

ነጋዴ የሆነ ሰው ሁሉ ዋናና ትርፍ የሚባሉትን ሁለት ነገሮች ለይቶ ያውቃል። ትርፉን ቢበላ ሱቁ ለከርሞ ይከፈታል፤ ዋናውን ቢበላ ግን ለጥቂት ወራት ጠግቦ ከዚያ በኋላ መዝጊያውን ይቆልፋል። በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ የሚካሄደውም የዓሣ ንግድ በዚሁ ሚዛን ሊመዘን የሚገባው ስለ ሆነ፣ ለክቡራን አስመጪዎች፣ ላኪዎችና ባለሱቆች ጥቂት ሐሳብ ለማቅረብ እንወዳለን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. ተብሎ ካልተለየ በቀር የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከጣና ወጥቶ ገበያችን የሚደርሰው ዓሣ በአብዛኛው ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ በሚባሉት ሦስት ስሞች ይታወቃል። በሶ የሚባለውም አልፎ አልፎ ይገኛል። ቆሮሶና አምባዛ በሌሎቹ የአገራችን ሐይቆችና ወንዞችም የሚኖሩ ናቸው። ነጭ ዓሣ ግን አንድ ስም ይሁን እንጂ አንድ ዓሣ አይደለም። ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ ከጣና የሰበሰባቸውን ጥቂቶቹን መዝግቦ ለአውሮጳ ሊቃውንት አስታወቀ። ከዚያ በኋላ በተደረገው ምርምር በዚህ ስም የሚጠሩት ቢያንስ 15 ልዩ ልዩ ዓይነቶች መሆናቸው ተረጋግጧል። አብዛኞቹም ከጣና በቀር በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ አይገኙም።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ ቢባል፣ ምክንያቱ ደጃችን ላይ ያለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ነው። ከባሕር ዳር በታች 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ይህ ገደል፣ በታችኛው ዓባይ የሚኖሩት ታላላቅ አዳኝ ዓሦች ወደ ሐይቁ እንዳይወጡ ዘግቷል። የነጭ ዓሣ ወገን በመንጋጋው ላይ ጥርስ የሌለው፣ በሌላ አገር አብዛኛውን ጊዜ ትላትልና ዕፅዋት እየለቀመ የሚኖር ነው። በጣና ግን የአዳኙን ስፍራ ባዶ ሆኖ ስላገኘው፣ ከ15ቱ ዓይነቶች 8ቱ ሌላ ዓሣ አሳድደው የሚበሉ አዳኞች ሆነዋል። ከነዚህም ውስጥ ርዝመታቸው ከአንድ ክንድ የሚበልጡ አሉ።

ለብዙ ዘመን ይህ ሀብት የሚወጣው ከደንገል በተሠራ ታንኳ ነበር፤ በዚህም ሙያ በተለይ የሚታወቁት በሐይቁ ዳር የሚኖሩት ወይጦዎች ናቸው። በ1986 በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንና በሆላንድ አገር በጎ አድራጊዎች ርዳታ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ በገባ ጊዜ፣ አስጋሪው ከዳርቻ ርቆ ለመሄድ ቻለ፤ ለንግድ የሚሆን ብዙ ዓሣም መውጣት ጀመረ። የባሕር ዳር ባለሱቅም፣ ምግብ ቤቱም፣ ወደ አዲስ አበባ የሚጭነውም፣ ዓሣውን አድርቆ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ሲልክ የቆየውም ነጋዴ ከዚህ እንጀራ አግኝቷል። ይህ መልካም ሥራ ነው፤ ማንም ሊነቅፈው አይገባም።

ይሁን እንጂ ነጭ ዓሣ ከቆሮሶና ከአምባዛ የሚለይበት ጠባይ አለው። ቢያንስ ሰባቱ ዓይነቶች በሐይቁ ውስጥ አይራቡም። ክረምቱ ሲበረታ፣ ከሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ እስከ ጥቅምት፣ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ፣ ወደ ድርማና ወደነዚህ የመሳሰሉት ገባር ወንዞች ይጓዛሉ። በወንዙ አፍ በብዛት ተሰብስበው ይቆያሉ፤ ከዚያም ሽቅብ ወጥተው ንጹሕ ውኃ በፍጥነት በሚፈስበት ጠጠር ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። በወንዙ አፍ መረብ የዘረጋ ሰው በአንድ ሌሊት ከሐይቁ መካከል በብዙ ቀን የማያገኘውን ያገኛል፤ የሚያገኛት ግን እንቁላል ያዘለችውን እናት ነው። በገባር ወንዞቹም ላይ የብርብራ ፍሬ ወቅጠው በውኃው በመበተን ትልቁንም ትንሹንም በአንድነት የሚፈጁ አሉ።

ውጤቱ በቁጥር ታውቋል። የሆላንድ ተመራማሪዎች በ2004 ባሳተሙት ጥናት እንደ ገለጹት፣ ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ውስጥ ወደ ወንዝ ወጥተው የሚራቡት ነጭ ዓሦች በክብደት 75 ከመቶ፣ በቁጥር 80 ከመቶ ቀንሰዋል። ገና ያላደጉት ትናንሾቹ ደግሞ 90 ከመቶ ቀንሰዋል። ነጋዴ ይህን የመጨረሻውን ቁጥር አስተውሎ ሊያነበው ይገባል፤ ትንሹ ዓሣ የመጪው ዓመት ዕቃ ነውና። መጋዘኑ ባዶ ሆኖ ሱቁ ብቻ የተሞላ ነጋዴ ባለጸጋ አይባልም።

ይህ ዓይነቱ ኪሳራ እስከ መጨረሻው ቢሄድ ምን እንደሚሆን ለማየት የሚፈልግ ወደ ፊሊፒንስ ይመልከት። በዚያ አገር በሚገኘው በላናዎ ሐይቅ ውስጥ እንደ ጣናው ሁሉ በሌላ ስፍራ የማይገኙ 17 የዚሁ ወገን ዓሦች ነበሩ። ከውጭ የመጡ አዳኝ ዓሦች በመግባታቸውና ያለ ልክ በመሰገራቸው 15ቱ ፈጽመው መጥፋታቸውን፣ የቀሩት ሁለቱም ሳይጠፉ እንዳልቀሩ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በ2020 አስታውቋል።

ተቃራኒውን ምሳሌ ደግሞ ከሰሜን አሜሪካ እናገኛለን። በካናዳና በዩናይትድ ስቴትስ ሰሜናዊ ግዛቶች፣ ውኃቸው ጥልቅና የጠራ በሆነ ሐይቆች ውስጥ መስኪ የሚሉት ታላቅ አዳኝ ዓሣ ይኖራል። ጣና በጣም ጥልቅ በሆነበት ስፍራ እንኳ 14 ሜትር ያህል ብቻ ስለ ሆነና ውኃውም ደለል ስለሚበዛበት፣ ሐይቆቹ አይመሳሰሉም፤ የሀብቱ አያያዝ ግን ትምህርት ይሰጣል። መስኪ በሚራባበት ወራት ማጥመድ በብዙ ስፍራ ክልክል ነው፤ ከተወሰነው ርዝመት ያነሰውም ወደ ውኃው ይመለሳል። አብዛኛው አጥማጅ ትልቁን እንኳ ለክቶ ይለቅቀዋል። ነገር ግን ሆቴሉ፣ ጀልባ አከራዩ፣ መንጠቆ ሻጩ ሁሉ በዚሁ ዓሣ ምክንያት ይተዳደራል። ዓሣው በውኃ ውስጥ እንዳለ የሚያስገባው ገንዘብ በሚዛን ላይ ቢወጣ ከሚያስገባው ይበልጣል።

በአገራችንም ሕግ አልጠፋም። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 በ1995 ዓ.ም. ወጥቷል፤ የአማራ ክልልም የራሱን አዋጅ አውጥቷል። ጣናም በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ነገር ግን ሐይቁ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ በየወንዙ አፍ ሌሊቱን ሙሉ ዘብ ማቆም አይቻልም። ዓሣው ግን የትም ቢሰገር በመጨረሻ ከገዢ ሚዛን ላይ ይወጣል። ስለዚህ እውነተኛው ዘብ ገዢው ነው።

የነሐሴ ገበያ ፈተና መሆኑን አንክድም። ጾመ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ቀን ስለሚውል፣ ሥጋ በማይሸጥበት በዚያ ሰሞን ዓሣ ፈላጊው ይበዛል፤ ነጭ ዓሣም ወደ ወንዝ አፍ የሚሰበሰበው ያን ጊዜ ነው። «እኔ ባልገዛው ሌላው ይገዛዋል» የሚለው ቃል ከሁሉም አፍ ይሰማል። አስጋሪውም ቢሆን ልጆቹን የሚያበላው በየዕለቱ ከሚያወጣው ነውና፣ ሸክሙን በእርሱ ትከሻ ላይ ብቻ ጥሎ መምከር ፍርድ አይሆንም።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ ነጋዴው ራሱ ሊፈጽመው የሚችል ነው። አንደኛ፣ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ቆሮሶና አምባዛ እንጂ ነጭ ዓሣ፣ ይልቁንም እንቁላል ያዘለውን፣ ላለመግዛት ገዢዎች በአንድነት ቢስማሙ፣ ብቻውን የሚጎዳ ነጋዴ አይኖርም። ሁለተኛ፣ መረብ በዱቤ የሚሰጡ ነጋዴዎች የዕዳውን መክፈያ ቀን ይመርምሩ። ዕዳው በመስከረም የሚጠየቅ ከሆነ አስጋሪውን ወደ ወንዙ አፍ የሚገፋው ያ ውል ነው፤ ቀኑ ወደ ታኅሣሥ ቢዛወር ገንዘቡ አይጠፋም፣ እናቲቱም ትተርፋለች። ሦስተኛ፣ መረብ የሚያስመጡና የሚሸጡ ነጋዴዎች ዐይኑ የጠበበውን መረብ ከመደርደሪያቸው ያውርዱ። አራተኛ፣ በግዢ መዝገብ ላይ «ዓሣ» ብሎ በአንድ መስመር መጻፍ ቀርቶ ዓይነቱ፣ የወጣበት ስፍራና ወሩ ለየብቻ ይጻፍ። ይህ ጸሐፊ መዝገብ በመያዝ የሚተዳደር እንደ መሆኑ፣ ተለይቶ ያልተጻፈ ዕቃ ሲጎድልም እንደማይታወቅ ሊመሰክር ይችላል።

ሦስት ወር ከአንድ ዕቃ መታቀብ ለነጋዴ አዲስ ነገር አይደለም፤ እህል ነጋዴውም አዝመራው እስኪደርስ ይጠብቃል። የጣና ነጭ ዓሣ ግን ቢያልቅ ከሌላ አገር የሚታዘዝ ምትክ የለውም፤ ዋናው ያለው እዚሁ ብቻ ነው። የመጪው ነሐሴ ገበያ ከመድረሱ በፊት ነጋዴዎቻችን ተሰብስበው ቢመክሩበት፣ ለራሳቸውም ለልጆቻቸውም ንግድ ትልቅ ጥቅም ይሆናል ብለን እናምናለን።