የትኛውን የኋላ ዲፈረንሻል ልግጠም? መልሱ ያለው ጎማችሁ ላይ ነው

ሞተሩ ተሠርቷል፣ ድምፁ ሰፈር ያናውጣል። ቅዳሜ ማታ ድራግ ስትሪፕ ላይ ተሰለፋችሁ። አረንጓዴው መብራት በራ፣ ፍሪሲዮኑን ለቀቃችሁ፣ ከኋላ "ቋ!" የሚል ድምፅ መጣ። ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው ግን ንቅንቅ አይልም። በቃ፣ የዛሬው ውድድር አለቀ። የተሰበረው ጉልበቱን ወደ ጎማ የሚያደርሰው የመጨረሻው ክፍል ነው፤ የኋላ ዲፈረንሻሉ።

አሜሪካ ውስጥ በአዘቦት ቀን ወደ ሥራ የሚነዳ፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ሩብ ማይል (402 ሜትር) የሚወዳደር መኪና ላይ ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። ቀጥሎ የሚመጣው ምክርም ያው ነው፦ "ትልቁን ግዛና ተገላገል!" እኛ ግን ብር ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ነገር እንድታውቁ እንፈልጋለን። ዲፈረንሻል በፈረስ ጉልበት ብቻ አይመረጥም። የሚመረጠው በጎማ፣ በመኪናው ክብደት እና በአነሳሳችሁ ነው።

መጀመሪያ ስሞቹን እንወቅ

ሀገር ቤት ጋራዥ የዋለ ሰው እነዚህን ቃላት ሰምቷቸዋል። ከካምቢዮ በሚመጣው ዘንግ የሚዞረው ትንሹ ጥርስ ፒኞን ይባላል። ፒኞኑ የሚያዞረው ትልቁ ክብ ጥርስ ኮሮና ነው (ከቫይረሱ ጋር አታምታቱት፣ በጣሊያንኛ ዘውድ ማለት ነው)። ከመሃል ተነስተው የግራና የቀኝ ጎማ የሚያዞሩት ሁለት ዘንጎች ደግሞ ሰሚያስ ናቸው። "8.8" ወይም "9 ኢንች" ሲባል የምትሰሙት የኮሮናው ስፋት ነው።

ለምንድነው የሚሰበረው?

የ1987–1992 ፎርድ ሙስታንግ 5.0ን እንውሰድ። ከፋብሪካ ሲወጣ 225 የፈረስ ጉልበትና 407 ኒውተን ሜትር የመጠምዘዝ ኃይል ነበረው። ይሄ ኃይል በካምቢዮው አንደኛ ማርሽ በ3.35 ይባዛል። ዲፈረንሻሉ 3.73 ከሆነ እንደገና በ3.73 ይባዛል። ውጤቱ ወደ 5,100 ኒውተን ሜትር ይጠጋል። ያውም ምንም ባልተነካ ሞተር!

ግን ይሄ ሁሉ ኃይል ሰሚያሱ ላይ የሚያርፈው ጎማው አስፋልቱን ከያዘ ብቻ ነው። ተራ የመንገድ ጎማ ሲበዛበት ይንሸራተታል፣ ይጨሳል። ማለትም እንደ ፊውዝ ይሠራል፤ ብረቱ ከመሰበሩ በፊት እሱ ይለቃል። ስሊክ ወይም ድራግ ራዲያል የሚባለውን የሚያጣብቅ ጎማ ስትገጥሙ ፊውዙን አወጣችሁት ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሚለቅ ነገር ከሌለ የሚሰበር ነገር ይኖራል።

ለዚህ ነው 500 ፈረስ ያለው መኪና በመንገድ ጎማ ዓመታት ሲቆይ፣ 350 ፈረስ ያለው ደግሞ በስሊክ ፍሪሲዮኑ ድንገት ሲለቀቅ አንድ ማታ የማያድረው። አውቶማቲክ ካምቢዮ ምቱን ያለሰልሰዋል፣ ማንዋል ግን እንደ መዶሻ ነው የሚመታው። መኪናው ከባድ ከሆነም ጭነቱ ይብሳል።

አሁን ያላችሁ ምንድነው?

ከ1982–2002 የተሠሩት አብዛኞቹ ካማሮና ፋየርበርድ ከኋላ ያላቸው 7.5 ኢንች አካባቢ የሆነው ባለ 10 ብሎን ነው። ለመንገድ ይሆናል። ስሊክ ላይ ግን ደካማ በመሆኑ የታወቀ ነው፤ ብዙ ብር ባታፈሱበት ይሻላል።

ከ1986 ጀምሮ ባለ 8 ሲሊንደሩ ሙስታንግ ላይ የገባው 8.8 ግን ሌላ ነገር ነው። መሠረቱ ጠንካራ ስለሆነ ሳይቀየር ሊሻሻል ይችላል። ከ1995–2001 ኤክስፕሎረር ላይ የሚፈታው 8.8 ደግሞ ወፍራም ሰሚያስና የዲስክ ፍሬን ይዞ ስለሚመጣ በአሮጌ ዕቃ መሸጫ ተፈላጊ ነው።

ፎርድ 9 ኢንች ከ1957 ጀምሮ የተሠራ ሲሆን ዛሬም አዲስ እየተመረተ ይሸጣል። ፒኞኑን ከኋላም የሚደግፍ ተጨማሪ ኩሽኔታ አለው። መሃሉ ከፊት በኩል እንዳለ ስለሚወጣ ሬሾ መቀየር ይቀላል። ጉዳቱ፣ በጥርሶቹ አገጣጠም ምክንያት ፍትጊያው በዛ ስለሚል ትንሽ ጉልበት ይበላል። ዳና 60 ደግሞ 9.75 ኢንች ኮሮና ያለው ግዙፍ ነው። አይሰበርም ለማለት ይቻላል፣ ግን ክብደቱን በየቀኑ ተሸክማችሁ ነው የምትነዱት።

ሰሚያሱን ቁጠሩ

ሰሚያስ የሚለየው ጫፉ ላይ ባሉት ጥርሶች ብዛት ነው፦ 28፣ 31፣ 35። ቁጥሩ ሲጨምር ዘንጉ ይወፍራል። ባለ 28ቱ ወደ 30 ሚሊ ሜትር፣ ባለ 35ቱ ወደ 38 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል አይደል? ግን የአንድ ዘንግ የመጠምዘዝ ጥንካሬ በውፍረቱ ኩብ ስለሚያድግ፣ ብረቱ አንድ ዓይነት ከሆነ ባለ 35ቱ የባለ 28ቱን እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው።

ሕይወት ያለበት ጉዳይ

ይሄን አንቀጽ አትዝለሉት። 8.8ን ጨምሮ ብዙ ዲፈረንሻሎች ላይ ሰሚያሱን ይዞ የሚያስቀምጠው መሃል ላይ ያለች ሲ-ክሊፕ የምትባል ትንሽ ብረት ናት። ሰሚያሱ ከተሰበረ ከውጭ በኩል የሚይዘው የለም። ጎማው ከነሰሚያሱ ተንሸራቶ ከመኪናው ሊወጣ ይችላል። 160 ኪሎ ሜትር በሰዓት ላይ ሆናችሁ አስቡት።

9 ኢንች ላይ ሰሚያሱ የሚታሰረው ከውጭ፣ ጎማው አጠገብ በብሎን ነው። ለ8.8ም መፍትሔ አለ፤ የ9 ኢንች ዓይነት ጫፍ ይበየድለታል። የአሜሪካው ድራግ ማኅበር ኤንኤችአርኤ ሩብ ማይልን በ10.99 ሰከንድ ወይም ከዚያ ባነሰ ለሚጨርስ መኪና ጠንካራ ሰሚያስና ተጨማሪ መያዣ የግድ ይላል። እኛ ግን ስሊክ ለሚጠቀም ሁሉ ሰዓቱን ሳትጠብቁ አስገቡት እንላለን።

ሬሾ ስትመርጡ ሥራ መሄዱን አትርሱ

ትልቅ ቁጥር ፈጣን አነሳስ ይሰጣል፣ አውራ ጎዳና ላይ ግን ያስከፍላል። 26 ኢንች ቁመት ባለው ጎማ በሰዓት 105 ኪሎ ሜትር ስትነዱ፣ አምስተኛ ማርሹ 0.68 የሆነ ካምቢዮ ካላችሁ ሞተሩ በ3.73 ወደ 2,130፣ በ4.10 ወደ 2,340 ዙር ይዞራል። የሚቻል ነው። ኦቨርድራይቭ የሌለው ካምቢዮ ከሆነ ግን 4.10 ወደ 3,440 ያደርሰዋል። በየቀኑ አንድ ሰዓት እንዲህ መንዳት ጆሮም ኪስም ያደክማል።

መሃሉስ? ሁለቱን ጎማ አንድ ላይ የሚያስረው ስፑል ለስትሪፕ ርካሽና ጠንካራ ነው። መንገድ ላይ ግን ኩርባ በዞራችሁ ቁጥር ጎማ ይጎትታል፣ ሰሚያስ ያደክማል። መንገድም ስትሪፕም ለሚል ሰው በማርሽ ወይም በፍሪሲዮን የሚሠራው ሊሚትድ ስሊፕ ይሻላል።

የተደበቀው ወጪ

ዲፈረንሻሉን ገዝታችሁ አላለቀም። የጎማ ብሎን አቀማመጡ ሊለይ ይችላል፤ የድሮው ሙስታንግ 4 ብሎን ሲሆን የኤክስፕሎረሩ 5 ነው፣ ስለዚህ ቸርኬም ይቀየራል። ስፋቱ፣ ፍሬኑ፣ ከካምቢዮ የሚመጣው ዘንግ ርዝመትም አለ። አዲስ ኮሮናና ፒኞን የሚገጥም ሰው ክፍተቱን በሚሊ ሜትር ክፍልፋይ መለካት አለበት፤ ካልሆነ ያፏጫል፣ ከዚያም ይበላል። ስለዚህ ለሠራተኛው እጅ ብር አስቀሩ።

እሺ፣ በመጨረሻ ምን እንግዛ?

በመንገድ ጎማ የምትነዱ ከሆነ ያላችሁን ጠግኑና ጥሩ ሊሚትድ ስሊፕ አስገቡ። 8.8 ካላችሁና ድራግ ራዲያል ከገጠማችሁ ባለ 31 ሰሚያስና የውጭ መያዣ ይበቃችኋል። ስሊክ፣ ማንዋል ካምቢዮና ከባድ መኪና አንድ ላይ ከመጡ ግን በግማሽ መንገድ አትቁሙ፤ ባለ 35 ሰሚያስ ያለው 9 ኢንች ግዙ። ሁለቴ ከመግዛት አንዴ መግዛት ይረክሳል።

ደግሞ የትም ብትሆኑ ሙከራው ስትሪፕ ላይ ይሁን። እዚያ አጥር አለ፣ አምቡላንስ አለ። ሰፈር መንገድ ላይ ግን ያለው የሰው ልጅ ነው።

መኪና ሊሠራ ያሰበ ጓደኛ ካላችሁ፣ ብሩን ከማውጣቱ በፊት ይድረሰው።