ለአንበሳም ዘር ይቆጠርለታል

ባለፈው የማስተማር ልምምድ ጊዜ ከመካከላችን አንዱ በአራተኛ ክፍል ስለ ዱር አራዊት ሲያስተምር፣ አንድ ተማሪ እጁን አወጣና «የአንበሳ ግቢ አንበሶች ከየት መጡ? ሲወልዱስ ደቦሎቹ የት ይሄዳሉ?» ብሎ ጠየቀው። ጓደኛችን የመጀመሪያውን «ከጫካ» ብሎ አለፈው። ለሁለተኛው ግን መልስ አጣ። ማታ መኝታ ቤት ሲነግረን ሳቅንበት፤ ቆይተን ስናስበው ግን ከሳቂዎቹም መካከል መልሱን የሚያውቅ አንድም አልነበረም። አላዋቂነታችንን ደብቀን ከመቀመጥ ይሻላል በማለት፣ ፈልገን ያገኘነውን ለሠልጣኝ ጓደኞቻችንና ለመምህራኖቻችን እነሆ ብለናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናሳስባለን።

የመጡት ሰባት ነበሩ

የስድስት ኪሎው አንበሳ ግቢ የተቋቋመው በ1948፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት ነው። የዘሩ መነሻ የሆኑት፣ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተይዘው እንደመጡ የሚነገርላቸው ሰባት አንበሶች ናቸው። ከሰባቱ አምስቱ ተባዕት፣ ሁለቱ እንስት ነበሩ። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች አንባቢ በአእምሮው እንዲይዛቸው እንለምናለን፤ የቀረው ታሪክ በሙሉ የሚመዘዘው ከእነሱ ነውና።

የግቢው ተባዕት አንበሶች በጎፈራቸው ይታወቃሉ። ጎፈሩ ጠቆር ያለ ሲሆን፣ ከራስና ከአንገት አልፎ በደረት በኩል እስከ ሆድ ይወርዳል። ብዙዎቻችን በሥዕልም በሐውልትም ያየነው አንበሳ ይኸው ነው። ታዲያ «ይህ ጎፈር ከዘር የመጣ ነው ወይስ ከአዲስ አበባ ብርድ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። በአሜሪካ አገር በተለያየ የአየር ጠባይ በሚገኙ አራዊት ማቆያዎች ላይ ተደርጎ በ2006 የወጣ ጥናት፣ ብርድ ባለበት አካባቢ የሚኖር አንበሳ ጎፈሩ ረዘምና ጥቅጥቅ እንደሚል አሳይቷል። ስለዚህ ጎፈርን ብቻ አይቶ «ይህ የተለየ ዘር ነው» ማለት አይቻልም። ነገሩን ለማረጋገጥ ደምና ዘረ መል መመርመር ያስፈልጋል።

ምርመራው በ2012 ይፋ ሆነ። የጀርመንና የእንግሊዝ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ቡድን በጊዜው በግቢው ከነበሩት አንበሶች ውስጥ የ15ቱን፣ ማለትም የስምንት ተባዕትና የሰባት እንስት፣ ዘረ መል ወስዶ በአፍሪቃ በዱር ከሚኖሩ ከስድስት የአንበሳ ማኅበረ ሰቦች ጋር አነጻጸረ። ውጤቱም የአዲስ አበባዎቹ ከተነጻጸሩት ሁሉ የተለዩ ሆነው መገኘታቸው ነው። አጥኚዎቹ ይህ ዘር እንዳይጠፋ በዕቅድ የማራባት ሥራ እንዲጀመር መከሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ከጥቂት ወላጆች ተነሥቶ ለብዙ ዓመት በአጥር ውስጥ የኖረ ማንኛውም ዘር፣ በአጋጣሚ ብቻ ከሌላው እየተለየ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ከልዩነቱ ውስጥ የቱ ያህሉ ጥንታዊ፣ የቱ ያህሉ አጥር የፈጠረው እንደሆነ ለይቶ ማወቅ ቀላል አይደለም። ሆኖም በ2017 ዓለም አቀፍ የድመት ዘር ሊቃውንት አንበሶችን ለሁለት ንዑስ ዝርያ ሲከፍሉ፣ የሰሜኑና የደቡቡ ወገኖች ከሚገናኙባቸው ቦታዎች አንዷ ኢትዮጵያ መሆኗን ገልጸዋል። እንግዲህ አገራችን ለአንበሳ ዘር ተራ መንገድ ሳትሆን መጋጠሚያ ናት ማለት ነው።

ሰባት ቤት መቁጠር

አያቶቻችን ልጅ ሲድሩ በመጀመሪያ የሚያደርጉት ዘር መቁጠር ነው። «እስከ ሰባት ቤት ዝምድና እንዳይኖር» ተብሎ በእናትም በአባትም በኩል ይጣራል። ሽማግሌዎቹ ዘረ መል የሚለውን ቃል ባይሰሙትም ጥንቃቄያቸው ከንቱ አልነበረም።

ምክንያቱን በአጭሩ እናስረዳ። እያንዳንዱ እንስሳ ለአንድ ባሕርይ ሁለት ቅጂ አለው፤ አንዱን ከእናቱ፣ አንዱን ከአባቱ ይወርሳል። አንደኛው ቅጂ ጉድለት ቢኖረው ሌላው ይሸፍንለታል። ወላጆቹ ወንድምና እኅት ከሆኑ ግን፣ ልጃቸው ያንኑ የአንድ አያት ቅጂ በሁለቱም በኩል የመውረስ ዕድሉ ከ4 አንድ ነው። የወንድማማች ልጆች ተጋብተው የሚወልዱት ከሆነ ዕድሉ ከ16 ወደ አንድ ይወርዳል። ጉድለት ያለበት ቅጂ በዚህ መንገድ ከተገናኘ መሸፈኛ የለውም፤ ጉዳቱ ይገለጣል።

ለዚህ በዱር አንበሶች ላይ የታየ ማስረጃ አለ። በታንዛኒያ ንጎሮንጎሮ በሚባለው የእሳተ ገሞራ ጎድጓድ ውስጥ የሚኖሩት አንበሶች በ1962 ተናካሽ ዝንብ ወርዶባቸው ወደ አሥር ገደማ ዝቅ አሉ። በኋላ ቁጥራቸው ቢያንሰራራም፣ ሁሉም የጥቂቶች ልጆች ሆኑ። በ1987 የወጣ ጥናት የእነዚህ ተባዕት አንበሶች ዘር ፈሳሽ፣ በአጠገባቸው ካሉት ከሴሬንጌቲ አንበሶች ይልቅ ብዙ ጉድለት እንዳለበት አሳየ። በዓይን ሲታዩ ግን አንድም ነገር የጎደላቸው አይመስሉም ነበር።

አሁን ወደ ስድስት ኪሎ ሰባቱ እንመለስ። ሰባት ተብለው ቢቆጠሩም በመራባት ረገድ ሰባት አይሞሉም። ምክንያቱም ከሚወለደው ዘር ግማሹ የሚመጣው በሁለቱ እንስቶች በኩል ብቻ ነው። ሊቃውንቱ ይህን የሚያሰሉት ተባዕቱን በእንስቱ አባዝተው፣ ያንን በ4 አባዝተው፣ ለድምሩ በማካፈል ነው፦ 4 × 5 × 2 = 40፤ 40 ÷ 7 = 5.7። ቁጥሩ እዚያው ላይ ቢረጋ ኖሮ በየትውልዱ ከዘር ልዩነቱ 9 በመቶ ያህል ይጠፋል። ለአንበሳ አንድ ትውልድ ሰባት ዓመት ነው ብንል፣ ከ1948 እስከ 2012 ዘጠኝ ትውልድ ያልፋል፤ በዚህ ስሌት የሚቀረው ከግማሽ በታች ነው። የአንበሶቹ ቁጥር ስላደገ ጥፋቱ በትክክል ይህን ያህል ነው አንልም። አቅጣጫው ግን ይኸው ነው። ሰባት ቤት ከፍ ብለን ብንቆጥር የምንደርሰው እነዚያው ሰባቱ ዘንድ ነው።

ደቦል ሲወለድ

እንስት አንበሳ የምታረግዘው 110 ቀን ገደማ ነው። በዱር ስትሆን መውለጃዋ ሲደርስ ከመንጋው ተለይታ ጥሻ ወይም ዋሻ ትፈልጋለች፤ ደቦሎቿንም ለስድስት ስምንት ሳምንት ያህል ለመንጋው አታሳይም። ደቦሎቹ ሲወለዱ ዓይናቸው አይገለጥም፤ ቆዳቸው ላይ ነጠብጣብ አለ። በዚህ ጊዜ የምትፈልገው ጨለማና ጸጥታ ነው። ሰው ሲንጫጫባት፣ መሸሸጊያም ሲታጣ፣ በአጥር ውስጥ ያለች እናት ልጆቿን ልትተው፣ አንዳንዴም ልትገድል ትችላለች። ስለዚህ በአራዊት ማቆያ ውስጥ የአንድ ደቦል ዕድል የሚወሰነው ገና ሳይወለድ፣ ለእናቱ በተሠራው ክፍል ነው።

መወለዱ ብቻም አይበቃም። በ2006 የዓለም ዜና ማሠራጫዎች በዚሁ ግቢ የሚወለዱ አንዳንድ ደቦሎች በቦታና በገንዘብ እጥረት ምክንያት በመርዝ እንዲሞቱ ይደረግ እንደነበር ዘገቡ። ብዙ ሰው አዘነ፤ ተቆጣም። የ2012ቱን ጥናት ካነበብን በኋላ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይከነክናል። እነዚያ ደቦሎች ከየትኛው እናትና ከየትኛው አባት ነበሩ? ምናልባት የአንዷን መሥራች እንስት ዘር የያዘ የመጨረሻው ደቦል ከመካከላቸው ይሆን? መዝገብና ዘር ቆጠራ ከሌለ ይህን ማንም ሊመልሰው አይችልም።

እንግዲህ ያ ተማሪ «ደቦሎቹ የት ይሄዳሉ?» ያለው የዋህ ጥያቄ አልነበረም፤ የጉዳዩ እምብርት እሱ ነው። አንድ ማቆያ ደቦል ከመወለዱ በፊት ሦስት መንገድ ሊያዘጋጅ ይችላል። አንደኛው፣ ቦታ እስኪኖር ድረስ ተባዕቱንና እንስቷን ለይቶ ማኖር ወይም የእርግዝና መከላከያ መስጠት ነው። ሁለተኛው ግቢውን ማስፋት ነው። ሦስተኛው ደግሞ ዝምድና ከሌላቸው አንበሶች ጋር እንዲገናኝ ወደ ሌላ ማቆያ ማዛወር ነው። ሦስቱም የሚሠሩት እያንዳንዱ እንስሳ የራሱ ስም ወይም ቁጥር፣ የእናትና የአባቱም ስም በመዝገብ ሲሠፍርለት ነው።

ይህ ሲሠራበት ምን እንደሚያፈራ ከቀይ ባሕር ማዶ እንይ። የዓረብ ሳላ የሚባለው ነጭ እንስሳ በአደን ብዛት በ1972 ከዱር ጠፋ። ነገር ግን ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ከ1963 ጀምሮ፣ በአሜሪካ ፊኒክስ ከተማ አራዊት ማቆያ ዘጠኝ ሳላዎች ተሰብስበው በመዝገብ ይራቡ ነበር። በ1982 ልጆቻቸው ወደ ኦማን በረሃ ተመልሰው ተለቀቁ። ዘጠኝና ሰባት የሚራራቁ ቁጥሮች አይደሉም። ከጥቂት መነሣት ብቻውን የሞት ፍርድ እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን።

አዲስ እንግዳና አዲስ ግቢ

ከውጭ አዲስ አንበሳ ይምጣ ቢባልስ? እሱም የራሱ ሥርዓት አለው። እንግዳው በመጀመሪያ በሽታ እንዳያስገባ ለብቻው ይቆያል፤ ደሙና እዳሪው ይመረመራል። ከዚያ ነባሮቹን በአጥር ማዶ ሆኖ በሽታና በድምፅ ይለማመዳቸዋል፤ ቀጥሎ ይተያያሉ፤ በመጨረሻ በጠባቂ ፊት ይገናኛሉ። ይህ ሁሉ ትዕግሥት የሚጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም። በዱር እንኳ አዲስ ተባዕት መንጋ ሲይዝ የቀድሞውን ተባዕት ደቦሎች የመግደል ልማድ አለው።

የአንበሶች መኖሪያም በአዲስ አበባ ሲለወጥ አይተናል። የስድስት ኪሎው ግቢ የተሠራው በዘመኑ አስተሳሰብ ነበር፤ አንበሳው በብረት ፍርግርግ ውስጥ ይቀመጣል፣ ሰው እየዞረ ያያል። በ2019 በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ የተከፈተው አንድነት ፓርክ የራሱን የአራዊት ማቆያ ይዞ መጥቷል። ለእንስሳ የሚሠራ መኖሪያ ሲታሰብ ዛሬ የሚጠየቀው «ለተመልካች ይታያል ወይ?» ተብሎ ብቻ አይደለም። መሸሸጊያ አለው? የሚወጣበት ከፍታ አለው? የምትወልድ እናት የምትለይበት ክፍል አለ? የሚሉትም ይጨመራሉ። ተማሪዎቻችንን ይዘን ወደ የትኛውም ማቆያ ብንሄድ እነዚህን ጥያቄዎች ይዘን እንሂድ።

ክፍል ውስጥ ምን እናድርግ?

በገንዘብ የማይገዛ አንድ የማስተማሪያ ዘዴ ሞክረን ወደነዋል። ልጆቹ 14 ቆርኪ ይሰብስቡ። ሰባቱ አንበሶች እያንዳንዳቸው ሁለት ቅጂ ስላላቸው ነው 14 ያልነው። ቆርኪዎቹ ላይ ከ1 እስከ 14 ቁጥር በጠመኔ ተጽፎ ጣሳ ውስጥ ይግቡ። አንድ ልጅ ሳያይ አንዱን ያውጣ፤ ቁጥሩ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ፤ ቆርኪው ወደ ጣሳው ይመለስ። ይህ 14 ጊዜ ይደጋገም። ሰሌዳው ላይ የተጻፈው «የልጆቹ ትውልድ» ነው።

ልጆቹ አንዳንዱ ቁጥር ሁለት ሦስት ጊዜ መጥቶ ሌላው ጨርሶ መቅረቱን ያያሉ። ብዙውን ጊዜ ከ14ቱ የሚገኙት 9 ያህል ብቻ ናቸው። ማንም ሳይገድላቸው፣ ማንም ሳይጠላቸው አምስቱ ጠፉ ማለት ነው። ጨዋታው ከመጀመሪያው ተነሥቶ 28 ጊዜ ቢወጣ ግን 12 ያህሉ ይተርፋሉ። ብዙ ደቦል ማሳደግ ለምን እንደሚጠቅም ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም። ዋናው ነገር ደግሞ መጨረሻ ላይ የሚመጣው ነው፦ «ቆርኪውን እያየን ብናወጣስ ኖሮ?» ብላችሁ ጠይቋቸው። አንድም ቁጥር ሳይጠፋ ማለፍ እንደሚቻል ልጆቹ ራሳቸው ይደርሱበታል። መዝገብ ማለት እያዩ ማውጣት ነው።

ዋልያና ቀይ ቀበሮ በዱር ቢጠፉ የሚተካቸው በአራዊት ማቆያዎች የተጠበቀ ዘር የላቸውም። የአንበሶቹ ግን ሰባት ሆነው መጥተው ከስድሳ ዓመት በኋላም ዘራቸው ተገኝቷል። ያን ልጅ ዳግመኛ ስናገኘው የምንሰጠው መልስ እንግዲህ ይህ ነው፦ «አንበሶቹ ከደቡብ ምዕራብ መጡ ይባላል፤ ሰባት ነበሩ። ደቦሎቹ የት እንደሚሄዱ ደግሞ ከመወለዳቸው በፊት ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው፤ ሳይታሰብበት የቀረበትም ጊዜ ነበር።» ልጁ ቀጥሎ ሌላ ጥያቄ እንደሚያነሣ አንጠራጠርም። ለዚያኛው ከአሁኑ እንዘጋጅ።