ተጨማሪ መረጃ፦ የድሪል የጎን እጀታ ለምን ይገጠማል?

በገመድ የሚሠራ ሀመር ድሪል በአንድ እጅ ቢያዝም ይበሳል፤ በዚህም የተነሳ ብዙዎች የጎን እጀታውን ፈትተው ሳጥን ውስጥ ይተዉታል። ሁለተኛው እጅ በዋናነት የሚያስፈልገው ግን ፑንታው ድንገት ለሚቀረቀርበት ቅጽበት ነው። ፑንታው አርማታ ውስጥ ካለ ፌሮ ጋር ተጋጥሞ ሲቆም፣ ሞተሩ መግፋቱን ስለማያቆም የማሽኑ አካል በተቃራኒ አቅጣጫ ይዞራል። የመጠምዘዝ ኃይሉ 30 ኒውተን ሜትር ነው እንበል። ከመዞሪያው መሐል 10 ሴንቲ ሜትር ርቆ የያዘ እጅ 300 ኒውተን፣ ማለትም የ30 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት መቋቋም አለበት፤ 20 ሴንቲ ሜትር ርቆ የጎን እጀታውን የጨበጠ እጅ ግን የዚህ ግማሽ ይበቃዋል።

«እኔ ጉልበት አለኝ» የሚል ይኖራል። ጉልበት የሚጠቅመው ግን ለመዘጋጀት ጊዜ ሲኖር ነው፤ እዚህ ጣት ከማብሪያው ከመነሳቱ በፊት የእጅ አንጓ ይጠመዘዛል፣ መሰላል ላይ ያለ ሰውም ሊወድቅ ይችላል። «ማሽኑ የራሱ መከላከያ ክላች አለው» ለሚሉም፣ ክላች የሌላቸው ማሽኖች ብዙ ናቸው፤ ያላቸውም ቢሆኑ የሚለቁት ኃይሉ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ብቻ ነው። ማብሪያውን ተጭኖ የሚያቆየው መቆለፊያ ደግሞ አደጋውን ያባብሳል፤ እጅ ቢለቀውም ማሽኑ መዞሩን ይቀጥላልና። ስለዚህ እጀታውን አጥብቃችሁ ግጠሙ፤ እግራችሁን ከፈት አድርጋችሁ ቁሙ፤ ፑንታው ከተቀረቀረ መጀመሪያ ማብሪያውን ልቀቁ፣ ቀጥሎ ስፒናውን ከሶኬት ንቀሉ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ፑንታውን አላቁ።